የደረቅ ሳል ወዳጆች

አዳማ፣ መስከረም 20 ቀን 2018 ዓ.ም.

ኦሊቃ፣ አካም ጂርታ?

ሰላምታዬ ሽንኩርት ሽንኩርት እየሸተተ እንደሚደርስህ አውቃለሁ፤ ምን ላድርግ፣ ፖስተኛችን ሽንኩርት ነጋዴዋ ሽታዬ ናት። ጭነቷን ገበያ አራግፋ አይሱዙዋን ወደ እናንተ ከተማ፣ ወደ ዓለም ጤና፣ ስትመልስ ይህን ወረቀት መቀነቷ ውስጥ ቋጥራ ታመጣልሃለች። ይዘገያል ብለህ አታማርር። የዘፋኛችንን የገመቹን ስም በስልክ አናነሣም ብለን የማልነው ሁለታችን ነን።

ለጠየቅከኝ ልመልስ። አዎ፣ ዓሣው ደርሶኛል። ትኩስ ቆሮሶ ነበር፤ እናቴ ጠብሳው «ማነው እንዲህ የሚያስብልሽ?» ስትለኝ የሥራ ባልደረባ ነው ብዬ ዋሸኋት። ገመቹ ዓሣ ከላከ ደህና ነኝ ማለቱ ነው። ካልላከ ደግሞ... እሱን አናንሣ። እስካሁን በየሳምንቱ በሽታዬ እጅ ልኳል። ማተሚያ ቤቱንም አልለቀቅኩም፤ የሠርግ ባነርና የምርቃት ቲሸርት እያተምኩ አለሁ።

አሁን ወደ ጠባችን። የባንዱ አድናቂዎች ቴሌግራም ግሩፕ ላይ፣ ያ ሁሉ ሰው እያየ፣ «ሜቲ ሙዚቃው አልገባትም» ብለህ ጻፍክ። እኔን! መጋዘኑ ውስጥ ስፒከሩ ፊት ቆሜ ጆሮዬ ለሳምንት የጮኸብኝን! አንተ በር ላይ የሰው ቦርሳ ትጠብቅ አልነበር? ደግነቱ ደሊል መሃል ገብቶ አስታረቀን። አዲስ አባል ነው፣ ግን ጨዋ ሰው ነው፤ የሚጠይቀውም ጥያቄ ደህና ነው። ለአዲሶቹ አጭር ታሪክ ጻፊልን ስላለኝ እንዲህ ብዬ ጽፌያለሁ፤ ስህተት ካለው ንገረኝ።

«ደረቅ ሳል አዳማ ውስጥ የተነሣ የሃርድኮር ፓንክ ባንድ ነው። ከ2008 እስከ 2010 በአንድ ባዶ የእህል መጋዘን ውስጥ ተጫወተ። ድራሙ ከቤተ ክርስቲያን ኳየር በውሰት የመጣ፣ ስፒከሩ ከሠርግ ዕቃ አከራይ የተገኘ ነበር። በአማርኛም በኦሮምኛም ይጮኹ ነበር፤ አንዱ ዘፈን ሁለት ደቂቃ አይሞላም። በስልክ ተቀድተው ከቀሩት ውስጥ የሚታወቀው ‘ቢጫ በር’ ስለ አንድ ግቢ ነው። ልጆች ይገቡበታል፤ የሚወጡት ግን ሁሉም አይደሉም። ዘፈኑ የሚያልቀው የግቢውን አዛዥ በስሙ በመጥራት ነው።»

ግጥሙን ማን እንደጻፈው አላልኩም። «የባንዱ ሥራ» ብዬ አለፍኩት። ያ አዛዥ ዛሬ ትልቅ ሰው ሆኗል፤ ዘፈኑ በክረምቱ የቲክቶክ ልጆች እጅ ከገባ ወዲህ ደግሞ እንቅልፍ አጥቷል ይባላል። የጎረምሶች ጩኸት ነው ብሎ ካመነ ንቆ ይተወዋል። ግጥሙን ገመቹ ብቻውን መጻፉን፣ ገመቹም ከታናሽ ወንድሙ ጋር እዚያ በር ገብቶ ብቻውን መውጣቱን ካወቀ ግን ምስክር ነው ብሎ ያሳድደዋል። ገመቹ ቆቃ፣ ከግድቡ ሐይቅ ዳር፣ ተደብቆ መኖሩን ከእኔ፣ ካንተና ከሽታዬ ሌላ የሚያውቅ የለም። ጊታር የተጫወተለት አማኑ እንኳ አያውቅም።

ስለዚህ በሙዚቃው እንደፈለግክ ስደበኝ። በገመቹ ነገር ግን አፍህን ጠብቅ።

የመስኖ ፓምፑ አይሰበርብህ፣
ሜቲ


ዓለም ጤና፣ መስከረም 27 ቀን 2018 ዓ.ም.

ሜትዬ፣

እንዴት ሰነበትሽ? እናትሽስ እንዴት ናቸው? ጽሕፈቴ ካስቸገረሽ የፓምፕ ግሪስ ነው ብለሽ እለፊው። መጀመሪያ ይቅርታ። «ሙዚቃው አልገባትም» ያልኩት ተናድጄ ነው። ሙዚቃው ገብቶሻል፤ ያልገባሽ ግጥሙ ነው።

ታሪኩ ጥሩ ነው። የጎደለው አንድ ነገር ነው፤ እሱንም ሆን ብለሽ እንደተውሽው አውቃለሁ። ቢጫ በር ሲያልቅ፣ ጊታሩ ዝም ሲል፣ «ክፈቱ!» ብላ የምትጮኸዋን ልጅ አላነሣሻትም። ሰው ሁሉ ስለዚያች ድምፅ ነው የሚጠይቀው። ማንም ጩኺ ሳይልሽ እንባሽ እየወረደ እንደጮኽሽ አይቻለሁ፤ ያን ቀን ነው የሰው ቦርሳ ጥዬ ወደ ውስጥ የገባሁት። እስከ ዛሬ አልነገርኩሽም እንጂ ባንዱን የወደድኩት በገመቹ ድምፅ አይደለም። ለማንም አልናገርም፣ አትፍሪ።

አሁን ስሚኝ። ቢጫ በር ምስክርነት ነው ትያለሽ። ያየውን ነው የጻፈው፣ ካላየውማ ባዶ ጩኸት ነበር ትያለሽ። እኔ ደግሞ ዘፈኑ የአንድ ግቢ ብቻ ከሆነ ግቢው ሲፈርስ አብሮ ይፈርሳል እላለሁ። እኔ ስሰማው የሚታየኝ የአጎቴ ሱቅ ነው፤ አንቺ «የእኛ ልጆች» የምትያቸው ያቃጠሉት። ደረቅ ሳል የማንም ወገን አልነበረም። መፈክር ተሸክመው የመጡትን ገመቹ በር ላይ ምን አላቸው? «መፈክሩን ከብስክሌታችሁ ጋር ውጭ አቁሙት።» ይህን በታሪክሽ ውስጥ አላየሁትም፤ ለክርክርሽ ስለማይመች ነው አይደል?

በሽታዬ በኩል ስለ ዓሣው የጠየቅሽኝን ሳልሸሽ ልመልስ። አዎ፣ ግሩፑ ላይ ጽፌያለሁ። ያቺ የሻሸመኔዋ ኑኃሚን፣ ትናንት ከሬጌ ሌላ አልሰማም ስትል የነበረችው፣ «ዘፋኙ ተሸጧል፣ መኪናና መሬት ወስዶ አፉን ዘግቷል፣ የእናንተ ፓንክ ይኸው ነው» ብላ ለጠፈች። ስንት ሰው ሳቀ መሰለሽ። አልቻልኩም። «እኔ የማውቀው ሰው በመረቡ ያወጣውን ነው የሚበላው፤ ብስክሌት እንኳ የለውም» ብዬ መለስኩላት። በቃ ይኸው ነው። ስም አልጠራሁም፣ ሐይቁንም አልጠራሁም። ዝዋይ አለ፣ ላንጋኖ አለ፣ ሐዋሳ አለ። ከየት ነው ብሎ የሚገምት ሲገምት ይኑር።

ደሊል ለብቻዬ «ከሁሉም ሰው በእርግጠኝነት የምትናገረው አንተ ብቻ ነህ» ብሎ ጻፈልኝ። ደስ አለኝ፣ አልዋሽሽም። እዚህ ከአባቴ ጋር የማወራው ስለ ሽንኩርት በሽታ ነው።

ገመቹ በሽታዬ በኩል የቃል መልእክት ልኳል፦ «ዘፈኑን ለቀቅ አድርጉት፣ እኔም ለቅቄዋለሁ» ብሏል። እንዴት እንደተረጎምሽው ጻፊልኝ።

አክባሪሽና ተከራካሪሽ፣
ኦሊቃ


አዳማ፣ ጥቅምት 8 ቀን 2018 ዓ.ም.

ኦሊቃ፣

ሰላምታ ይቅርብህ፣ ተናድጃለሁ። መረብ! ለመሆኑ መረብ ይዞ የሚኖር ሰው የት ነው የሚገኘው፣ ገበያ መሃል? ሁለት ቀን በስልክ ልሰድብህ እያልኩ በመሐላችን ነው የተውኩት።

የገመቹ መልእክት ግልጽ ነው። ደክሞታል። ደከመው ማለት ግን ካደ ማለት አይደለም፤ ይህን ለኑኃሚንም ነግሬያታለሁ። መሸጡን በዓሣህ ዘጋህባት፤ ወዲያው ዞር ብላ «እንግዲያው ንስሐ ገብቶ ዘፈኖቹን አውግዟል፣ መዝሙር እያወጣ ነው» አለች። ቪዲዮ አለ እስከ ማለት ደረሰች። ውሸት ነው! እኔና አንተ ቤተ ክርስቲያን ያደግን ልጆች ነን፤ ምስክርነት ሲሰጥ ምን እንደሚመስል እናውቃለን፤ እሱ የቤተ ክርስቲያን መድረክ ላይ ወጥቶ አያውቅም። ስለዚህ ያየሁትን ጻፍኩ። «ቤተ ክርስቲያን ይሄዳል፣ ግን አይዘምርም። ከኋላ ይቆማል። ውሃው ሲለቀቅና የሰባኪው ድምፅ ሲዋጥ ያኔ ብቻ አፉን ከፍቶ ይጮኻል» ብዬ ጻፍኩ። ፋሲካ ላይ በዓይኔ ያየሁት ነው፤ አብሬው ቆሜ አልቅሻለሁ። ያንን የሚያደርግ ሰው ዘፈኑን ክዷል የሚለኝ ካለ ይምጣ።

ግድብ አላልኩም። ውሃ ነው ያልኩት። ያንተን መረብ ከእኔ ውሃ ጋር አታወዳድር።

ኑኃሚንን ረታኋት። እውነቱን ልንገርህ፣ እንደዚያ ቀን ደስ ብሎኝ አያውቅም።

ደሊል ማተሚያ ቤት ድረስ መጥቶ ነበር። ለአድናቂ ዕድሜው ገፋ ያለ ነው፤ ጫማው የተወለወለ፣ ንግግሩ ለስላሳ። ቢጫ በር ያለበት ቲሸርት አዘዘ፤ ሥዕሉን እኔ እንድሠራው ፈለገ። ዘፈኑን በስልኬ ከፈትኩለት፤ ጣቱን ጠረጴዛው ላይ መታ መታ አደረገ፣ ግን ምቱን አያገኘውም፤ ቀስ ብሎ፣ እንደ ሠርግ ዘፈን። ሳቅኩበት፣ እሱም ሳቀ። በዚያ መሃል መብራት ጠፋና ጓሮ ላሉት ልጆች «ክፈቱ!» ብዬ ተጣራሁ፣ የኋላውን በር ማለቴ ነው። «ድምፅሽ ጠንካራ ነው» አለኝ። እንግዲህ እንዲህ ነው፣ አንተ ብቻ አይደለህም የሚያደንቀኝ።

የነገርከኝን፣ የቦርሳውን ነገር ማለቴ ነው፣ አንብቤዋለሁ። መልሱን ስትመጣ እነግርሃለሁ።

በሽታዬ በኩል ስለ አማኑ የጠየቅከኝን አሁን አልመልስም። የስልክ ሱቁ ለጊዜው ዝግ ነው። ታሟል ይላሉ።

ሜቲ


ዓለም ጤና፣ ጥቅምት 14 ቀን 2018 ዓ.ም.

ሜቲ፣

ወረቀቱ ስለቆሸሸ ይቅርታ፤ ሦስቴ ጽፌ ቀድጄዋለሁ። አባቴ ደህና ነው፣ እኔም ደህና ነኝ። ሌላው ደህና አይደለም።

ዓሣ አልመጣም። ባለፈው ሳምንትም አልመጣም ነበር፤ አንቺን ላለማስደንገጥ ዝም አልኩ። አንቺም ዝም ያልሽው በዚሁ ምክንያት እንደሆነ ገባኝ።

ሽታዬን ትናንት ኬላ ላይ አስወርደዋታል። ሽንኩርቱን በብረት ዘንግ እየወጉ ፈተሹት፤ ምን እንደሚፈልጉ አልነገሯትም። ከመቀነቷ አልደረሱም እንጂ ያንቺ ደብዳቤ ወገቧ ላይ ነበር። «ልጆቼ፣ እኔ ሽንኩርት ነጋዴ ነኝ፣ የምትጻጻፉት ፍቅር ከሆነ ተጋቡና ገላግሉኝ» አለችኝ።

ከዚያ ቁጭ ብዬ ግሩፑን ከመጀመሪያው አነበብኩት፤ እንደ ወዳጅ ሳይሆን እንደ ሌላ ሰው። ሜቲ፣ ሁሉም ነገር እዚያ አለ። በመረብ የሚኖር ሰው፤ እሱ የእኔ ነው። አጠገቡ የሚለቀቅ ውሃ አለ፤ ድምፁ ስብከት የሚውጥ። የፕሮቴስታንት ቤተ ክርስቲያን አለ፤ ከኋላ የሚቆም ሰው አለ። እነዚያ ያንቺ ናቸው። ሐይቅ ብዙ ነው ብዬሽ ነበር። ግድብና ዓሣ አንድ ላይ ያለበት ግን ከዚህ ወደ እናንተ ስንመጣ በመስኮት የምናየው አንድ ነው። ስሙን በስልክ አናነሣም ብለን ደብዳቤ በሽንኩርት መኪና ስንልክ ኖርን፤ በስልኩ ደግሞ ሰውየውን ራሱን አሳልፈን ሰጠን።

ጥያቄዎቹን ተመልከቻቸው። ኑኃሚን ትሳደባለች፤ ደሊል ይጠብቃል፤ እኛ ስንናደድ «ማስረጃ አለ?» ይላል። ሁልጊዜ አንድ ጥያቄ ብቻ ነው የሚጠይቀው። ልጅቷ ምስኪን ናት፣ ክርክር ነው የምትወደው፣ እንደ እኛው።

አንድ ነገር በእውነት መልሺልኝ። ግጥሙን ማን እንደጻፈው ለደሊል ነግረሽዋል?

እሑድ የውሃ ተራ የእኛ ነው፤ ካላጠጣሁ ችግኙ ይደርቃል፣ አባቴ ብቻውን አይችልም። ሰኞ በማለዳ ቆቃ ወርጄ ከዚያ አወጣዋለሁ። እስከዚያ ምንም እንዳትጽፊ።

ኦሊቃ


አዳማ፣ ጥቅምት 15 ቀን 2018 ዓ.ም.

ኦሊቃ፣

ሰኞ አትበል። ይህ ወረቀት በደረሰህ ሰዓት ተነሣ፣ ችግኙ ይድረቅ።

ነግሬዋለሁ። ለብቻዬ ጻፈልኝ። «ኦሊቃ ትክክል ይመስለኛል፣ ዘፈኑ ምናብ ነው፣ ማንም እዚያ ግቢ አልገባም» አለኝ። አንተ ትክክል ነህ አለኝ፣ ገባህ? ገመቹ እዚያ ግቢ በወንድሙ እጅ ላይ ስለሆነው የነገረኝን እኔ አውቃለሁ፤ ያንን ምናብ ሲለው ደሜ ፈላ። «የጻፈው ሰው ገብቶ ወጥቷል፣ ያየውን ነው የጻፈው፣ ወንድሙ እዚያ ቀርቷል» ብዬ ላክሁለት። «አመሰግናለሁ፣ አሳመንሽኝ» አለ። አሳመንኩት ብዬ ለእናቴ ሁሉ ነገርኳት።

አማኑ አልታመመም። እናቱን ዛሬ አገኘኋት። ሁለት ሰዎች ሱቁ መጥተው ግጥሙን ማን ጻፈው ብለው ጠየቁት፤ አላውቅም ሲል አብሯቸው እንዲሄድ አደረጉ፤ ከዚያ ወዲህ የት እንዳለ አታውቅም። ባለፈው ስትጠይቀኝ ግማሹን ሰምቼ ነበር። ለአንተ ብነግርህ «ደሊልን ተይው» ትለኝ ነበር፤ እኔ ደግሞ ማሸነፍ ጀምሬ ነበር። ይህን ስጽፍ ራሴን እጠላለሁ።

ቲሸርቶቹን ሐሙስ ወስዷል። ቆንጆ ወጥተው ነበር።

ሽታዬ ዛሬ የመልስ ጭነት ስለሌላት እሑድ ማታ ካልሆነ አትነሣም። ስልክ አወጣሁ፣ ስሙን ልጠራልህ ነበር። ማን እንደሚሰማ ሳላውቅ ቢሰሙስ ብዬ መልሼ አስቀመጥኩት። ራሴ ቆቃ ልሂድ ብል ደግሞ ደሊል ተከትሎኝ በሩን አሳየዋለሁ ብዬ ፈራሁ። ልክ ሠርቼ እንደሆነ አላውቅም።

ሜቲ


ዓለም ጤና፣ ጥቅምት 19 ቀን 2018 ዓ.ም.

ሜቲ፣

ወረቀትሽ ሰኞ ጠዋት ደረሰኝ፤ እኔም መንገድ ልጀምር ጫማዬን እያሰርኩ ነበር። ቆቃ ስደርስ የገመቹ መረብ በሩ ላይ ተሰቅሎ ደርቆ ነበር።

ዳር ላይ ዓሣ የሚያጸዱ አሰለፈች የሚባሉ ሴት አሉ፤ እንደ ልጃቸው ነበር የሚያዩት። ከማለዳ ጀምሮ ሲጠብቁኝ የቆዩ ይመስል አዩኝና ማልቀስ ጀመሩ። ያዩትን እንደነገሩኝ እጽፍልሻለሁ። እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ሲወጣ ሦስት ሰዎች ቆመው ይጠብቁት ነበር። አልሸሸም። ሁለት ወር ሙሉ መኪና በቆመ ቁጥር ሸምበቆ ውስጥ የሚገባ፣ ባለፉት ሁለት ሳምንታት ዓሣ ሊልክ እንኳ መንገድ ዳር ያልወጣ ሰው ያን ቀን አልሸሸም። ቲሸርታቸውን አየና ሳቀ አሉኝ። ቢጫ በር ያለበት ቲሸርት። «እማማ፣ የድሮ ወዳጆቼ ናቸው፣ ከአዳማ ናቸው» ብሎ መጽሐፍ ቅዱሱን ለእሳቸው ሰጥቶ ሊያቅፋቸው ሄደ። አንዱን አቅፎታል። ከዚያ መኪና ውስጥ አስገቡት።

መጽሐፍ ቅዱሱ አሁን እኔ ዘንድ ነው። ውስጡ ምንም የለም፤ አገላብጫለሁ።

ወደ ፖሊስ ጣቢያም ሄጃለሁ፤ «ዝምድናህ ምንድን ነው?» አሉኝ። አድናቂው ነኝ አልኩ። ሳቁብኝ።

በመሃል በላክሽው ወረቀት ማን ይብሳል፣ አንቺ ወይስ እኔ ብለሻል። ሜቲ፣ በዚህም እንከራከር? መረቡ የእኔ ነው፣ እሑድን የጠበቅኩት እኔ ነኝ። የእኔ ይብሳል። በዚህ አታሸንፊኝም።

ግን ይህን ሁሉ የምጽፍልሽ ለዚህ አይደለም። ትናንት ደሊል ግሩፑ ላይ ለጥፏል፤ አላየሽው ከሆነ ይኸው። «ውድ የደረቅ ሳል ወዳጆች፣ ክርክሩ በሰላም ተጠናቋል። ኦሊቃም ሜቲም ልክ ነበሩ። ሁለቱንም ከልብ አመሰግናለሁ። አሁን የቀረን አንድ ጥያቄ ብቻ ነው፦ ዘፈኑ ሲያልቅ ‘ክፈቱ!’ የምትለው ልጅ ማን ናት? እሷም ታውቅ ነበር ማለት ነው።»

ሁሉም እየገመተ ነው። አንዱ የሐዋሳ ልጅ ናት አለ፣ አንዱ ሞታለች አለ። ደሊል ለእያንዳንዱ ልብ ይሰጣል። ኑኃሚን «እኔ አውቃታለሁ፣ የአማኑ እህት ናት፣ አበቃ» ብላ ጻፈች።

ስህተት ነው። አማኑ እህት የለውም። እንዴት እንዲህ በድፍረት የማታውቀውን ትናገራለች ብዬ እጄ ከእኔ ቀድሞ ሄደ። «አይደለችም» ብዬ ላክሁ። አንዲት ቃል ናት። ልሰርዛት ስል ደሊል ከሥሯ መልሷል፦ «ታዲያ ማን ናት፣ ኦሊቃ?»

ስልኩን ቦይ ውስጥ ጥየዋለሁ። እነሱ ግን እኔን ለመጠየቅ ስልክ አያስፈልጋቸውም፤ አንቺን ደግሞ ደሊል ማተሚያ ቤት ድረስ መጥቶ «ክፈቱ!» ስትዪ ሰምቶሻል። ሽታዬ መኪናውን ሳታጠፋ በር ላይ ትጠብቅሻለች። ይህን እዚህ ድረስ ካነበብሽ ብዙ ቆይተሻል። ተነሺ፣ ለማንም አትጣሪ፣ ዝም ብለሽ ውጪ።

ኦሊቃ